22 አሸንፎ ቤት መቅረት፦ ስለ ሁፕስ ዳይነስቲ አሰላለፍና መርሃ ግብር

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከምድር በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ስልኬን አፍጥጬ አያለሁ። ቡድኔ በዚያ ሲዝን 22 ጨዋታ አሸንፎ 5 ተሸንፏል። ወደ ብሔራዊው ጥሎ ማለፍ የሚገቡት የ64ቱ ቡድኖች ዝርዝር ወጥቷል። አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። የለሁበትም። 17 አሸንፎ 10 የተሸነፈ ቡድን ግን አለበት።

አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ (ስማቸውን ትተን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) ቡና ይዘው ሲመጡ ፊቴን አይተው ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ ከቤት ክፉ ወሬ መጣ እንዴ?» አሉኝ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «እና እነዚህ ልጆች በእውነት የሉም ማለት ነው?» አሉ። የሉም አልኳቸው። «እግዜር ይይልሽ፣ ሰው የሞተ መስሎኝ!»

ማንም አልሞተም። ግን ያን ሌሊት ጌሙን ለሁለት ዓመት ስጫወት ምን እየተጫወትኩ እንደነበር እንዳልገባኝ አወቅኩ። አሰላለፍ ላይ ሰዓታት አጠፋለሁ፤ መርሃ ግብሬን ግን እንደ ቅጽ ሞልቼ ነበር የማልፈው። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ሌሊት ብስጭት ቀዝቀዝ ካለ በኋላ የቀረው ነው።

ለማታውቁት፣ ሁፕስ ዳይነስቲ የዋትኢፍስፖርትስ ጌም ነው፤ በኦንላይን የሚካሄድ የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሲሙሌሽን። አሰልጣኝ ትሆናላችሁ፣ ከታች ከዲቪዥን 3 ትጀምራላችሁ። የኮሌጆቹ ስም የእውነት ነው፣ ተጫዋቾቹ ግን ኮምፒውተር የፈጠራቸው ናቸው። በሌሎቹ ኮሌጆች ወንበር ላይ ከተቀመጡት የተወሰኑት እንደናንተው ሰዎች ናቸው፤ የቀሩትን ኮምፒውተሩ ያንቀሳቅሳቸዋል። የሚንቀሳቀስ ምስል የለም፣ የተመልካች ጩኸት የለም፣ የምትጫኑት ቁልፍ የለም። አሰላለፋችሁን አስገብታችሁ ትወጣላችሁ። ጨዋታው እናንተ በሌላችሁበት ተካሂዶ፣ ተመልሳችሁ ስትመጡ ውጤቱንና እያንዳንዱን ኳስ በጽሑፍ ታነባላችሁ፤ እገሌ ወረወረ፣ ሳተ፣ እገሌ ሪባውንድ ያዘ፣ እገሌ አራተኛ ፋውሉን ሠራ።

ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ሰው (ያልተጫወተ ካለ እጁን ያውጣ) ስሜቱን በከፊል ያውቀዋል። ዓርብ ካፒቴን መርጦ ቅዳሜ ማልቀስ። ግን በፋንታሲ ተጫዋቹን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው ሌላ ሰው ነው፣ እሱን መስደብ ይቻላል። እዚህ የሚሰደበው አሰልጣኝ እናንተው ናችሁ።

ጌሙን የሚያወድሱልኝ ጓደኞቼ ሁልጊዜ ስለ አሰላለፉ ነው የሚያወሩት፤ እውነትም ሀብታም ነው። አራት የማጥቃት ስልት አለ፦ ሞሽን፣ ትራያንግል፣ ፍሌክስ እና ፋስትብሬክ። ለመከላከል ደግሞ ሰው በሰው፣ ዞን እና ሙሉ ሜዳ ፕሬስ፣ ማለትም ተጋጣሚን ገና ከራሱ ቅርጫት ሥር ጀምሮ ማስጨነቅ። እያንዳንዱ ተጫዋች ስለየስልቱ ያለው እውቀት እንደ ተማሪ ካርድ በፊደል ይሰጠዋል፣ ከኤ እስከ ኤፍ። እውቀቱ በልምምድ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። ስልት ከቀየራችሁ አዲሱን ሁሉም ከታች ይጀምሩታል። ስለዚህ እንደ ሚዳቋ የሚዘል የአንደኛ ዓመት ልጅ፣ ስልቱን በልቡ በያዘ ቀርፋፋ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሊበለጥ ይችላል። የተጫዋቹ ስም አጠገብ «ጋርድ» ተብሎ ቢጻፍም ሪባውንድ የሚይዝ ከሆነ ከቅርጫቱ ሥር ብታቆሙት ጌሙ አይከለክላችሁም። በዚህ ነፃነት ስንት ሌሊት እንዳጠፋሁ ለአሠሪዬ አትንገሩብኝ።

የጀማሪ ስህተት፣ የእኔም ጭምር፣ አምስቱን ምርጦች ማሰለፍና እስኪወድቁ ማስሮጥ ነው። በተለይ ከፕሬስ ጋር። ኖላን ሪቻርድሰን አርካንሶን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1994 ዱክን 76 ለ72 አሸንፎ ዋንጫ የወሰደው «አርባ ደቂቃ ገሃነም» በሚባለው አጨዋወት ነበር። ገሃነሙ ግን ለተጋጣሚ ብቻ አይደለም፣ ለራስም ነው፤ ወንበር ላይ እኩል ለመሮጥ የተዘጋጀ ሰው ከሌለ እሳቱ ተመልሶ አስነሺውን ይበላዋል። ጌሙ ይህን በደንብ ያውቃል። 12 ስኮላርሺፕ አላችሁ። ፕሬስ የሚጫወት ሰው አሥረኛው ተጫዋቹ ማን እንደሆነ ካላወቀ፣ በመጨረሻዎቹ ስምንት ደቂቃዎች ጽሑፉ ላይ የሚያነበው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሳተ፣ ሳተ፣ ፋውል፣ ሳተ።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች የድካም መስመር ታሰምሩለታላችሁ። ትንሽ ሲደክመው ይውጣ? ወይስ በጣም እስኪደክመው ይቆይ? እዚህ ጋ ነው ጌሙ መጀመሪያ ያስከፋኝ። የኖርዝ ካሮላይናው ዲን ስሚዝ አንድ የታወቀ ልማድ ነበረው፦ ተጫዋቹ ሲደክመው ራሱ ጡጫውን ያነሳል፣ ስሚዝም ያስወጣዋል፤ ትንፋሹ ሲመለስ ደግሞ ልመለስ የሚለው ያው ተጫዋች ነው። ድካሙን የሚያውቀው የደከመው ሰው ነው፤ ምን የሚያከራክር ነገር አለው? ጌሙ ውስጥ ግን ማንም እጁን አያነሳም። ድካም እናንተ ከጨዋታው በፊት የምትወስኑት መስመር ነው። የሚገርመው ሁፕስ ዳይነስቲ ውድድሮቹ የሚካሄዱባቸውን «ዓለሞች» በታላላቅ አሰልጣኞች ስም ነው የሚጠራቸው፤ ውደን አለ፣ ራፕ አለ፣ ስሚዝም አለ። ስሙን ወስደው ጡጫውን ትተውታል።

ግን ፍርዴን ላስተካክል። አሰላለፍን እስከ ጥግ የገፋው ሰው በእውነተኛው ዓለም የተገኘውም ዲቪዥን 3 ላይ ነው። አይዋ ውስጥ ግሪኔል በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ዴቪድ አርሴኖ አምስቱንም ተጫዋች በአንድ ጊዜ፣ እንደ በረዶ ሆኪ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ሳይሞላ እየቀየረ ያጫውት ነበር። ማንም አይደክምም፣ ሁሉም ይወረውራል፣ ሁሉም ያስጨንቃል። በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. የእሱ ተጫዋች ጃክ ቴይለር በአንድ ጨዋታ 138 ነጥብ አስቆጠረ። 108 ጊዜ ወርውሮ ነው። ያን ቀን 36 ደቂቃ ሜዳ ላይ ቆየ፤ ሌሎቹ በየደቂቃው እየወጡና እየገቡ ኳስ ቀምተው ለእሱ አደረሱለት። ጌሙ ውስጥም ኳሱ ማን ጋ በብዛት ይድረስ የሚለውን በቁጥር ታከፋፍላላችሁ። ያን ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ የቴይለር ጓደኞች ናቸው፤ 138 ነጥብ የተሠራው በእነሱም እግር ነው።

እሺ፣ ወደ 22 ለ5።

በሲዝኑ ውስጥ የምድብ ጨዋታዎቻችሁን ጌሙ ይሰጣችኋል፤ ምርጫ የላችሁም። ከምድብ ውጪ ያሉትን 10 ግን ራሳችሁ ናችሁ የምትሞሏቸው። ለሌላ አሰልጣኝ ጥያቄ ትልካላችሁ፦ እኔ ሜዳ ወይስ አንተ ሜዳ? ይቀበላል ወይም ዝም ይላል። እኔ በዚያ ሲዝን ምን አደረግኩ? አሰልጣኝ የሌላቸውን፣ ኮምፒውተር የሚጎትታቸውን ደካማ ቡድኖች ለቅሜ ሁሉንም በሜዳዬ ጋበዝኩ። አሥር ጨዋታ፣ አሥር ድል። ሰርግ ነበር። የምድቡ ጨዋታ ሲጀመር ቡድኔ ተሸንፎ የማያውቅ ነበር፤ እኔም ለጋሼ በየሌሊቱ ውጤት ሳነብ ድምፄ እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ ሆኖ ነበር።

ያልቆጠርኩት አርፒአይን ነው። ይህ ቀመር ጌሙ የፈጠረው አይደለም፤ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የበላይ የሆነው ኤንሲኤኤ ከ1981 ጀምሮ ቡድን ለመምረጥ ሲጠቀምበት ቆይቶ በ2018 ነው ኔት በሚባል ሌላ መለኪያ የተካው። ቀመሩ ሦስት ነገር ይደምራል። የራሳችሁ የማሸነፍ ድርሻ ሩቡን ይይዛል። የገጠማችኋቸው ቡድኖች የማሸነፍ ድርሻ ግማሹን። እነሱ የገጠሟቸው ቡድኖች ድርሻ ደግሞ የቀረውን ሩብ። አሁን አንድ ጊዜ ከኔ ጋር አስሉ። ከአሥር ዘጠኙን የሚያሸንፍ ቡድን ይኑር፣ ተጋጣሚዎቹ ግን ከአሥር ሦስቱን ብቻ የሚያሸንፉ ይሁኑ። ሦስተኛውን ክፍል ግማሽ በግማሽ እንበለው። ውጤቱ 0.500 ይሆናል። ሌላው ቡድን ከአሥር ስድስት ብቻ ያሸንፋል፣ ተጋጣሚዎቹ ግን ከአሥር ስድስት ተኩል ያህል ያሸንፋሉ። የእሱ 0.600 ነው። አራት ጊዜ የተሸነፈው አንድ ጊዜ የተሸነፈውን ጥሎት ሄደ።

ስታዩት ግፍ ይመስላል። እኔም ግፍ ነው ብዬ ነበር፣ በዚያ ሌሊት። ቆይቼ ሳስበው ግን ቀመሩ የሚጠይቀው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ «ስንት አሸነፍሽ?» ብሎ አያቆምም፣ «ማንን?» ይላል። ደግሞ አንድ የወደድኩት ዝርዝር አለው። የተጋጣሚያችሁ ድርሻ ሲሰላ ከእናንተ ጋር ያደረገው ጨዋታ ይወጣል። አሸንፋችሁት ስለሆነ ቁጥሩ ወርዶ እናንተኑ እንዳይጎዳችሁ። የእናንተ ድል የእሱ ጉድለት ሆኖ አይመለስባችሁም።

ከዚህ የሚወጣው ብልሃት ጠንካራ ቡድን መፈለግ ብቻ አይደለም። ቀመሩ የተጋጣሚያችሁን ተሰጥኦ አያይም፣ ውጤቱን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ወርቁ በደካማ ምድብ ውስጥ የነገሠ ቡድን ነው፤ እናንተ ልታሸንፉት የምትችሉት፣ ነገር ግን ከእናንተ በኋላ ሌላውን ሁሉ እየደበደበ የሚከርም። መጥፎውም ከመጥፎ ይለያያል። በደረጃ 150ኛውን ማሸነፍና 300ኛውን ማሸነፍ ለጎበዝ ቡድን እኩል ቀላል ነው፤ ለቁጥሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እውነተኞቹ አሰልጣኞችም ይህን አውቀውበት መርሃ ግብራቸውን በዚያው ልክ ይሰፉት ነበር። ኤንሲኤኤ በ2004 ማለቂያ በጀመረው ሲዝን ከሜዳ ውጪ የተገኘ ድል 1.4፣ በሜዳ የተገኘ 0.6 ሆኖ እንዲቆጠር ያደረገው፣ ትልልቆቹ ከቤት አንወጣም ማለታቸው ስላስቸገረ ይመስለኛል። የእኔን አሥር የቤት ውስጥ ሰርግ አስቡት።

በቀጣዩ ሲዝን ሁሉንም ገለበጥኩት። የሦስት ሲዝን ውጤት እያየሁ በየምድባቸው የነገሡትን ለቀምኩ፣ ሰባቱን ጨዋታ ከሜዳዬ ውጪ ተቀበልኩ። አምስቱን ተሸነፍኩ። ጋሼ «ዘንድሮ ምነው ደከምሽ?» ይሉኝ ጀመር። ግን ያልጠበቅኩት ነገር መጣ፤ ያሸነፍኳቸውን ቡድኖች መደገፍ ጀመርኩ። ከምር ነው የምላችሁ። ኢንዲያና ያለ አንድ ኮሌጅ ቡድን በሦስት ነጥብ አሸንፌው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሲዝኑ እስኪያልቅ ከራሴ ውጤት ቀጥሎ የማየው የእሱን ነበር። ሲያሸንፍ እኔ ከፍ እላለሁ። ሲሸነፍ እኔ እወርዳለሁ። በየትኛውም ስፖርት፣ በየትኛውም ጌም፣ ያሸነፉትን ሰው መልካም እንዲገጥመው ሌሊት ቁጭ ብሎ መመኘትን አይቼ አላውቅም። ሁፕስ ዳይነስቲ ከሠራው ነገር ሁሉ ትልቁ ይሄ ይመስለኛል። ማንም ግን ሲያወድሰው አልሰማሁም፤ ሁሉም አሰላለፍ፣ አሰላለፍ።

አሁን የምከሰው ነገር። ጌሙ ውስጥ ጨዋታ በገንዘብ አይገዛም። በእውነቱ ዓለም ግን ይገዛል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለትንሽ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ከፍሎ «መጥተህ ሜዳዬ ላይ ተጫወት» ይላል፤ ተጫወት ማለቱ ተሸነፍ ማለቱ ነው። ትንሹም ገንዘቡን ስለሚፈልገው ይሄዳል፤ ለስፖርት ክፍሉ በጀት ይሆነዋል። ለአንዱ መርሃ ግብር ስልት ነው፣ ለሌላው ቀለብ። ይህ ልዩነት ሲወጣ የቀረው ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ ሁሉም አሰልጣኝ እኩል ነፃ ሆኖ ይመርጣል። ዲቪዥን 3 ላይም እንደዚያው። በእውነቱ ዲቪዥን 3 ለስፖርት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለውም። ጌሙ ግን ለሁሉም እኩል 12 አደለ። ለአጨዋወቱ ምቾት ሲል የኮሌጅ ስፖርትን ትልቁን ቁስል በፕላስተር ሸፍኖታል። ገባኝ፣ ጌም ነው። ግን የኮሌጆቹን እውነተኛ ስም እስከተጠቀመ ድረስ ይህን መጠየቅ መብቴ ነው።

ምን እንደሚያጣም ልንገራችሁ። በታኅሣሥ 1982 ቨርጂኒያ፣ ራልፍ ሳምሰን እያለለት፣ የአገሪቱ አንደኛ ሆኖ ሆኖሉሉ ላይ ቻሚናድ ከተባለ ስሙ ከማይታወቅ ትንሽ ኮሌጅ ጋር ተገናኘ። 77 ለ72 ተሸነፈ። ያ ጨዋታ ዛሬም የሚነገረው በቁጥሩ አይደለም። ቻሚናድ ለመሸነፍ ብቻ መርሃ ግብር ላይ የገባ ቡድን ይመስል ስለነበር ነው። ጌሙም እንዲህ ዓይነት ውጤት ያወጣል፤ እኔም ደርሶብኛል። ግን ሲደርስ «ዕጣው ከፋ» ነው የምትሉት፣ ምክንያቱም ከጀርባው ያለው ሕይወት የለም።

አንድ ቦታ ግን ጌሙ ያን ሕይወት ሳያስበው ያስገባዋል። ተጫዋች ስትመለምሉ ቃል መግባት ትችላላችሁ፤ ቋሚ ተሰላፊ ትሆናለህ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ትጫወታለህ። ቃላችሁን ካልጠበቃችሁ ልጁ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። በዚያ በከባዱ ሲዝን አንድ ረጅም የአንደኛ ዓመት ልጅ በቋሚ ተሰላፊነት ቃል አምጥቼ ነበር። ዞኑን አያውቀውም፤ ካርዱ ላይ ዲ ነው ያለው። ከደካሞች ጋር ብጫወት ኖሮ ማንም ልብ አይለውም፣ እያጫወትኩ አስተምረው ነበር። እኔ ግን ሰባት ከባድ ጨዋታ ውጪ ይዣለሁ። አሰላለፍና መርሃ ግብር አንድ ነገር መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው፤ የፈተናውን ቀን የመረጥኩት እኔ፣ ሳያጠና ፈተና የሚገባው እሱ።

መላ ዘየድኩ። መጀመሪያ አሰልፈዋለሁ፣ የድካም መስመሩን ደግሞ ዝቅ አደርጋለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሮጦ ትንሽ እንዳለከለከ ይወጣል። ቋሚ ተሰላፊ ነህ አልኩት፣ ሆነ። ቃሌ ተጠበቀ፣ ጌሙም አልቀጣኝም። በብልጠቴ ኮርቼ ለጋሼ ስነግራቸው አልሳቁም። «ሙሉ ሰዓት ብለው ቀጥረው ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን የሚያወጡሽ እንዲህ አስበው ነው ማለት ነው» አሉ። እዚህ ሥራ ፈረቃ የሚያወጣው ሰው ሐሙስ ማታ ወረቀት ይለጥፋል፣ እኛም ተሰብስበን ስማችንን እንፈልጋለን። ያን ወረቀት ስንት ጊዜ እንደረገምኩት ጋሼ ያውቃሉ።

በማግስቱ የልጁን መስመር ከፍ አደረግኩት። በሁለት ጨዋታ ዋጋ አስከፈለኝ፤ አንዱ በአንድ ነጥብ ነበር።

18 አሸንፌ 9 ተሸንፌ ገባሁ፣ ከ64ቱ። ከተላከልኝ መልእክት ሁሉ ግን የቀመጥኩት ሌላ ነው። የምርጫው ዋዜማ ያ የኢንዲያናው ቡድን፣ ያሸነፍኩት፣ የምደግፈው፣ በምድቡ ጥሎ ማለፍ በሁለት ነጥብ ተሸነፈ። ጽሑፉን አንብቤ ተናደድኩ፤ አሰልጣኙ አራት ፋውል ያለበትን ሴንተሩን ስምንት ደቂቃ እስኪቀር ሜዳ ላይ ትቶታል፣ ስድስተኛ ተጫዋቹ ጭራሽ አልገባም። አላስቻለኝም፣ ጻፍኩለት። ሴንተርህን በጊዜ ብታሳርፈው፣ ወንበርህን ብትጠቀም እኮ ታሸንፍ ነበር አልኩት።

ከሰዓታት በኋላ መለሰልኝ። «ይቅርታ፣ ማን ነሽ?»

ታኅሣሥ ላይ ያሸነፍኩህ ነኝ አልኩት።